ያልነገርኩሽ ስእለት

ሎስ አንጀለስ፣ ግንቦት 2016 እ.ኤ.አ.

ለልጄ ለትርሲት፣ ስቶክሆልም

የረገጥሽው ምድር ይለምልምልሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኔ አሁን ደህና ነኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፄ ይከዳኛል ብዬ ጻፍኩልሽ።

በሁዳዴ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ያለው ሬስቶራንታችን ውስጥ ወሰንየለሽን እንግዳ ፊት ሰደብኳት። ጥፋቷ አንድ ትሪ ማዘግየቷ ብቻ ነበር። ስንት ዓመት አብራኝ ወጥ ቤት የቆመችውን! ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቆልፌ አለቀስኩ። ለወራት እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ እጄ ይደነዝዛል፣ በር ሲዘጋ እንኳ እደነግጣለሁ። ያበድኩ መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም።

ወሰንየለሽ በሩን አንኳኩታ፣ "ስድቡን ተይው፤ ሰሞኑን እጅሽን ምን ነካው?" አለችኝ። በማግስቱ ራሷ ድራይቭ አድርጋ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ደሜ ሲታይ ሐኪሟ፣ "ቫይታሚን ቢ 12 በጣም ወርዷል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ከተዉ ስንት ጊዜ ሆነዎት?" አለችኝ።

ሦስት ዓመት፤ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ። በሰላም እስክትመለሺ በፋሲካም ላልፈስክ ተስዬ ነበር።

የንስሐ አባቴ ሲሰሙ ተቆጡ። "እግዚአብሔር ጤናሽን መቼ ጠየቀሽ?" ብለው ስእለቱን ፈቱልኝ። የቫይታሚኑን መርፌ ጀመርኩ፤ እንቁላልም በላሁ። ጭንቀቴ ቀለል ብሏል፤ ጨርሶ ግን አልለቀቀኝም። ሐኪሟም፣ "ናፍቆትን መርፌ አያድነውም፤ ለሰው ይናገሩ" ብላኛለች። ይኸው ነገርኩሽ።

መድኃኔ ዓለም ልብሽን ያሳርፍልሽ፤ በደህና ይመልስሽ። አንቺም ሥጋና እንቁላል ትቻለሁ ብለሽኛል፤ ሰሞኑን ደግሞ በስልክ በትንሽ በትልቁ ትቆጪኛለሽ። በሞቴ ልጄ፣ ደምሽን ተመርመሪ፤ የሆነውንም ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

እናትሽ ፀዲ