በተቆለፈ በር ውስጥ ስለተደረገው የሴቶች ፑል ፍጻሜ

ለክቡር አቶ ቴዎፊሎ ማግባኑዋ
የደሴቶቻችን ፑል ተጫዋቾች ማኅበር ሊቀመንበር
ኢሎይሎ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ወትሮው የተሟላ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የተመቸ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ። ወደ ቢሮዎ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል ብዬ ነው። ስሜ ኤርሊንዳ ሱማጋይሳይ ይባላል፤ የዘንድሮው የሴቶች ፑል ሻምፒዮን ነኝ። በሽልማቱ ላይ ስላልነበሩ ላያውቁኝ ይችላሉ። ዋንጫውን ያስረከበኝ የገበያ ማዕከሉ ጥበቃ ነው።

ቢሮዎ ሥርዓት ስለሚወድ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የሴቶቹ ፍጻሜ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እንዲሆን ወሰኑ። የገበያ ማዕከሉ በር የሚከፈተው አራት ሰዓት ነው። እናቴ የደረቅ ዓሣ ሱቋን ዘግታ፣ አክስቶቼን ሰብስባ መጥታ ነበርና አሥራ አንድ ሆነው ፊታቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ቆሙ፤ ጠረጴዛው ግን ከዚያ አይታይም ነበር። ጥበቃው ጨዋ ሰው ነው፤ በበሩ ስንጥቅ አጎንብሶ፣ «እናቴ፣ ውድድሩ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በሩ ነው ያልተከፈተው» ብሎ አስረዳት። ተጋጣሚዬ፣ ሁላችንም ማናንግ እያልን እንደ ታላቅ እህት የምናያት ፔርላ ነበረች። ከሃያ ዓመት በፊት ለአገር የተጫወተች፣ ዛሬ አርባ ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ዓሣ ነጋዴ ናት። ሰባት ለስድስት አሸነፍኳት። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ተደግፋ ብቻዋን አጨበጨበችልኝ። በሩ ሲከፈት ጠረጴዛው ተሸፍኖ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ በሬዲዮ ቀርበው፣ «የሴቶች ፑል ተመልካች የለውም፤ አንድ ሰው እንኳ አልመጣም» አሉ። በትክክል ስለቆጠሩልን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ የተሰጠን ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ስለነበር ኳሶቹ ማንም ሳይነካቸው ወደ አይስክሬም ቤቱ ይንከባለሉ ነበር። ማናንግ ፔርላ ዳኛውን አስፈቅዳ የክቡርነትዎ ፎቶግራፍ ያለበትን ፖስተር አራት ጊዜ አጣጥፋ ከእግሩ ሥር አስገባች፤ ጠረጴዛውም ቀጥ አለ። ለሴቶች ፑል ድጋፍ አልሰጡም የሚሉ ሰዎች ሲገጥሙኝ ይህንን እነግራቸዋለሁ።

ሦስተኛ፤ «ለተመልካች እንዲስብ» አጭር ቀሚስ እንድንለብስ የጻፉልን ማሳሰቢያ ደርሶናል። ተመልካቹ ውጭ ተቆልፎበት እያለ ለማን እንደምንስብ ግን አልተገለጸም። ማናንግ ፔርላ ማሳሰቢያውን ሁለት ጊዜ አስነብባኝ በሥራ ሱሪዋ መጣች። ዳኛው ሲጠይቃት፣ «ልጄ፣ ኳሷ ቀሚሴን አታይም» አለችው። ማስጠንቀቂያ ተመዝግቦባታል።

አራተኛው ነው ለጋዜጣ ያበቃኝ። ስለ ሴቶች ፑል የወደፊት ዕጣ የሚመክር ኮሚቴ አቋቋሙ፤ አምስት የተከበሩ ወንዶች። እኔም ተጠርቼ ነበር፤ ፎቶው ከተነሳ በኋላ መሄድ እንደምችል በአክብሮት ተነገረኝ። ውሳኔውን በማግስቱ ሰማሁ። የሴቶች ሻምፒዮና ይቀራል፤ በምትኩ በወንዶቹ ጨዋታ ዕረፍት ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ትርኢት እናሳያለን። ለሻምፒዮኗ የተያዘው የታይፔ ዓለም አቀፍ ውድድር ቦታም፣ ተመልካች የሌለው ስፖርት ስለሆነ፣ ለዘንድሮ ማንም አይላክበትም። ክቡር ሆይ፣ በጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ ኳስ የመታሁት ለዚያች ቦታ ነበር። ማናንግ ፔርላ ዘንድ ሄጄ ዓሣዋ ላይ አለቀስኩ። ቅርፊቱን መፋቅ ሳታቋርጥ፣ «አልቅሺና ጨርሺ። ከዚያ የበረዶ ቤቱን ባለቤት እናነጋግራለን» አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅሬታ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም።

የራሳችንን ውድድር ልናደርግ የማናንግ ፔርላን ወንድም አሮጌ ጠረጴዛ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ በረዶ ቤቱ ግቢ ውስጥ አስቀመጥን፤ አንድ ግንበኛ በውሃ ልክ አስተካከለልን። ቀኑ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ከወንዶቹ ፍጻሜ ጋር የተገጣጠመው በአጋጣሚ ነው ብል፣ ክቡርነትዎ ጨዋ ስለሆኑ ያምኑኛል። ከጊማራስና ከኔግሮስ ደሴቶች በጀልባ የመጡትን ጨምሮ አሥራ ስድስት ሴቶች ሆንን። ግቢው በር የለውም። ሰው በዓሣ ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ ሣጥኑ ሲያልቅ ቆመ። አንድ ተሸካሚ ገና ሲጀመር፣ «ማናንግ፣ ዱላው ዓሣ አይደለም፤ አታንቂው!» እያለ ሲያስቅ ነበር። እሷ አምስት ኳስ አከታትላ አስገባች። ሰውየው ሄዶ ውሃ ገዝቶላት መጣ።

እየቆየ ሰዉ በዛ። ከገበያ ማዕከሉ የእርስዎ ተመልካቾች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ይመጡ ጀመር። ወደ መጨረሻው ላይ ከወንዶቹ ተፋላሚዎች አንዱ ራሱ፣ በዕረፍት ሰዓቱ፣ ቢራቢሮ ክራቫቱን እንዳደረገ ብቅ ብሎ ማን እየመራ እንደሆነ ጠየቀ። እዚያ ዳኛውና እርስዎ እንደቀራችሁ ሰማሁ፤ ብቸኝነቱ ስላላስከፋዎ ደስ ብሎኛል።

ለፍጻሜ የደረስነው ዳግመኛ እኔና ማናንግ ፔርላ ነን። ስድስት ለስድስት ሆነን የመጨረሻዋ ኳስ ለእኔ ደረሰችኝ። ቀላል ነበረች። ያን ያህል ሰው ትንፋሹን ሲይዝልኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ቸኩዬ መታኋት፤ ኳሷ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆመች። ማናንግ ፔርላ አስገባቻት። እናቴ፣ ስጫወት አይታኝ የማታውቀው እናቴ፣ ሰዉን እየገፋች መጥታ በሽርጧ ፊቴን ጠረገችና፣ «እንዲህ ነው እንዴ የምትጫወቺው? ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። ማክሰኞ አሸንፌ ይህንን የሚለኝ አላገኘሁም ነበር።

ዓሣ ሻጮቹ በስልካቸው የቀረጹት ተንቀሳቃሽ ምስል ታይፔ ደርሶ፣ የውድድሩ አዘጋጆች በቀጥታ ለማናንግ ፔርላ የጥሪ ደብዳቤ ላኩላት። ትሄዳለች፤ እኔ ልምምድ አሠራታለሁ። ማኅበርዎም በማግስቱ ጥሪው የተገኘው «በሊቀመንበሩ ባልተቋረጠ ድጋፍ» እንደሆነ መግለጫ አወጣ። አለመቋረጡ እውነት ነው፤ ያልተጀመረ ነገር አይቋረጥም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ የሴቶቹን ሻምፒዮና ይመልሱልን። ካልተመቸዎ አይጨነቁ፤ በረዶ ቤቱ ለመጪው ዓመትም ፈቅዶልናል፣ ሠላሳ ሁለት ሴቶችም ተመዝግበዋል።

የክቡርነትዎን ውለታ ቆማ የምታስብ፣ ወንበር ስላልተሰጣት፣
ታዛዥዎ ኤርሊንዳ ሱማጋይሳይ

ማሳሰቢያ፦ ከተመዝጋቢዎቹ መካከል በጀማሪዎች ክፍል የሰባ አንድ ዓመቷ ወይዘሮ ኮንሱዌሎ ማግባኑዋ ይገኛሉ። ቅዳሜ ዕለት ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ልጃቸው ወደ ጨዋታ ጋብዟቸው እንደማያውቅ ለአጠገባቸው ሰው ሁሉ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ስለዚህ እሑድ ለምሳ ወደ እሳቸው ሲሄዱ ስለ ሴቶች ፑል ባያነሱ ይሻላል፤ እናትዎ አሁን ዱላ ይዘዋል።