«ኣቦይ ይቅደሙ»፦ በቁሓ ሜዳ ላይ ስለ ተሰጠኝ ክብር

ለተከበሩ አቶ አስመላሽ፣
የቅዳሜ ማለዳ ብስክሌት ነጂዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣
መቐለ

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ በሙሉ ጤንነት፣ ጉልበትዎ ያለ ሕመም፣ የብስክሌትዎም ካቴና ያለ ዝገት እንዲገኙ ፈጣሪዬን እለምናለሁ። እኔ፣ ስሙ ይመስገን፣ ንፋስ ከመታው ደረቴ በቀር ደኅና ነኝ። ደብዳቤውን በማኅበራችን የቴሌግራም ገጽ ላይ ሁሉም በሚያየው ቦታ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ እኔን የሚመለከተውን ውሳኔ እርስዎም ያወጡት እዚያው ስለ ሆነ፣ መልሱ ሌላ ቤት እንዳይንከራተት ብዬ ነው። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ አማርኛዬንም ያቃናችልኝ ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ አስካለማርያም ናት። ስሕተት ቢያገኙ ለእኔ ይቁጠሩት እንጂ ለእሷ አይሁን።

ገጹን አዲስ ለሚያነብ ሰው ልንገር፦ እኛ ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ብስክሌታችንን ከአልጋ ሥር አውጥተን፣ ነዳጅ ሲመጣ መልሰን ለማስገባት እምቢ ያለን ሰዎች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ ከሮማናት አደባባይ እንነሣለን፣ የእንዳ ኢየሱስን ዳገት እንወጣለን፣ ከዚያ ሜዳውን አቋርጠን ቁሓ ወይዘሮ አዳነች ሻይ ቤት እንወርዳለን። ተወዳዳሪዎች አይደለንም እንላለን፤ ነገር ግን ሻዩ እስኪያልቅ የምናወራው ማን ማንን እንደ ቀደመና በምን ዘዴ እንደ ቀደመው ብቻ ነው። አንዱ «ዛሬ ዳገቱን የወጣኸው በብስክሌት ነው ወይስ በአህያ?» ሲለው፣ ሌላው «አህያዋማ ቀድማኝ ደርሳ ሻይ አዝዛለች» ይለዋል። ይህ ለእርስዎ ተራ ጨዋታ ይሆናል። በእኔ ቤት ግን አስካለማርያም ካረፈች ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚያናግረኝ ሬዲዮ ብቻ ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ መልስ አይቀበልም። ቅዳሜ ሲሆን ሰው «ኣቦይ ረዳኢ»፣ አባባ ረዳኢ፣ ብሎ በስሜ ይጠራኛል፣ ጎማዬን ዳብሶ ይስቅብኛል፣ እኔም እመልስለታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ «ቁሓ በተደጋጋሚ መጨረሻ የሚደርሱ አባላት ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ በሚዞረው የመዝናኛ ቡድን ይታቀፋሉ» የሚል ማስታወቂያ አወጡ። ስሜን ባለመጥቀስ ከሐፍረት ስለ አዳኑኝ አመሰግናለሁ፤ ከእኔ በቀር መጨረሻ የሚደርስ ሰው ስለሌለ ማንም አልተሳሳተም። የቡድን ጓደኞቼን አስቀድሜ ልተዋወቅ ብዬ ስጠይቅም፣ ቡድኑ እስካሁን እኔ ብቻ መሆኔ ተነግሮኛል። ስለዚህ አንዳንድ ነገሮችን መመርመር ጀመርሁ። መመርመር ካልሁ በኋላ ደግሞ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እንቅልፍ አጣሁ።

አንደኛ፣ ስለ ኮርቻዬ። በአዛውንት ዕድሜ ከፍ ብሎ መቀመጥ አደጋ አለው ብለው በራስዎ መፍቻ ዝቅ አደረጉልኝ። ጉልበቶቼ ከዚያ ቀን ወዲህ አገጬን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም፤ ማታ ማታም እንደ ጋለ ድንጋይ ያቃጥሉኛል። በጎ ምክር ነበር ብዬ አምኜ ነበር። ኋላ ግን የሌሎቹን ኮርቻ ዞሬ ብመለከት፣ የራስዎን ጨምሮ፣ ሁሉም ሽቅብ ተሰቅሏል። ለእኔ ብቻ የታሰበ ደኅንነት በመሆኑ ልቤ ተነክቷል።

ሁለተኛ፣ ስለ እንቁላሉ። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ፣ ዳገት ላይ እግሬ ለምን እንደሚከዳኝ ብጠይቅዎ «ኣቦይ ረዳኢ፣ ሁለት ጥሬ እንቁላል ይዋጡ፤ ለስፖርተኛ ጾም የለም» አሉኝ። እኔ ስፖርተኛ መባሌን እንኳ ያን ቀን ነው የሰማሁት። እርስዎ ግን ይህን ሲመክሩኝ ከኮዳዎ ይጠጡ የነበረው የተልባ ውሃ ነበር። ነፍሴን አስይዤ ዳገት እንድወጣ የመከሩኝ ሰው፣ ራስዎ በተልባ ብቻ እንዴት እንደሚቀድሙኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ፈተናው ከየት እንደ መጣ ግን ጠርጥሬአለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ክብሩ። ይህኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ያ ደረት የሚገፋ ንፋስ ሲቀበለን፣ እርስዎ ፍሬን ይዘው ድምፅዎን ከፍ በማድረግ «ኣቦይ ይቅደሙ! ሽማግሌ ትቶ ማለፍ ነውር ነው» ይላሉ። ሁሉም መንገድ ይለቅልኛል። እኔም እንደ ታቦት ከፊት፣ ሕዝቡም ከኋላ ሆኖ ሜዳውን እናቋርጣለን። ሻይ ቤቱ በዓይን መታየት ሲጀምር ግን ደወል ይሰማል፤ እርስዎ በቀኝ በኩል «ይቅርታ ኣቦይ!» ብለው ያልፉኛል፣ ቀጥሎም ሌላው «ይቅርታ ኣቦይ!»፣ ቀጥሎም ሌላው። በዚህች ምድር ላይ በየሳምንቱ የዚህን ያህል ይቅርታ የሚጠየቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ደርሼ ስቀመጥ እናንተ ሁለተኛውን ብርጭቆ ይዛችኋል፤ «ኣቦይ፣ ዛሬ ምን ያዘዎት?» የሚለኝም አይጠፋም።

እርስዎ ሰርግ ተጠርተው በቀሩበት ቅዳሜ፣ ዓይደር ሆስፒታል ነርስ የሆነችው የማኅበራችን ልጅ ዳናይት ሜዳው ላይ ስንደርስ አልፋኝ ሄደችና ዞር ብላ «ተጠጉ ኣቦይ፣ ከኋላዬ ተጠጉ፤ ጎማዎ ጎማዬን ሊነካ እስኪደርስ!» አለችኝ። ተጠጋሁ። ንፋሱ አንድ ሰው በር የዘጋበት ያህል ጸጥ አለ። እግሬ ቀለለ፤ ዳዊቴን በቃሌ እየደገምሁ መሄድ ቻልሁ። ሻይ ቤት ስንደርስ ነገሩ ምንድር ነው ብዬ ብጠይቃት፣ ከፊት ያለው ሰው ንፋሱን በደረቱ ሲሰብር ከኋላው ያሉት ተከልለው በግማሽ ጉልበት እንደሚሄዱ ነገረችኝ። ከሣቀች በኋላ ፊቴን አይታ ሣቋን ተወችው። «ኣቦይ፣ እኔ'ኮ የሚያውቁ መስሎኝ ነበር። ንፋሱን ወደው የሚሰብሩልን መስሎኝ ነበር።»

ክቡር ሆይ፣ ዳናይትን አምናታለሁ። የሌሎቹንም ዝምታ በደግ ተርጉሜዋለሁ፤ ሽማግሌን ቀድሞ ንፋስ ልስበርልዎ ማለት ከብዷቸው ይሆናል፣ ሰውን አክብረው የሚጎዱት ሳይታወቃቸው ነው። እርስዎን በተመለከተ ግን ስለ ንፋስ፣ ስለ ማርሽና ስለ ጎማ አየር እንደ መምህር የሚያስረዱን ሰው ስለ ሆኑ፣ አለማወቅዎን ለማመን ብዙ ጸሎት አስፈልጎኛል። ጸሎቱ አሁንም አላለቀም።

አራተኛው ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው። ለንስሐ አባቴ ነገሩን ሳጫውታቸው፣ ስለ እርስዎ ምንም ሳይሉ «አንተስ ከፊት ስትሆን ደስ ይልህ ነበር?» አሉኝ። ደስ ይለኝ ነበር። አንዳንዴም የመንገድ ሰው የሁሉ አለቃ ነው ይበለኝ ብዬ አንገቴን ቀና አደርግ ነበር። ስለዚህ በእርስዎ ላይ ካለኝ ጥርጣሬ ውስጥ የትኛው የእውነት፣ የትኛው የተቀየመ ኩራቴ እንደ ሆነ አልለየሁም። ካልለየሁ ደግሞ አልከስዎትም፤ የማደርገውን ብቻ አሳውቅዎታለሁ።

ዓዲ ሓቂ አልሄድም። ብቻዬን መዞር ከፈለግሁ ቤቴም ይበቃኛል። መጪው ቅዳሜ ሮማናት እገኛለሁ፤ ኮርቻዬንም ዳናይት ወደ ቦታው መልሳልኛለች። ሜዳው ላይ ደርሰን «ኣቦይ ይቅደሙ» ሲሉኝ፣ በሰጡኝ የሽማግሌነት መብት፣ በሁሉም ፊት እንዲህ እልዎታለሁ፦ «የለም፣ ልጄ፣ እርስዎ ይቅደሙ።» ሽማግሌን ማለፍ ነውር ነው ካሉ፣ የሽማግሌን ቃል ማለፍማ እንዴት ይሆናል? እምቢ ካሉኝም እኔ ጊዜ አለኝ፤ የሚጠብቀኝ ሬዲዮ ብቻ ነው። ሁለታችንም አንድ እግራችንን መሬት ላይ አድርገን፣ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ ይቅደሙ» እየተባባልን መንገድ ዳር እንቆማለን። ሌሎቹ አልፈውን ሄደው ሻያቸውን ይጠጡ። ከእርስዎ ጋር እኩል መጨረሻ ብደርስ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ቢያንስ የመዝናኛ ቡድኑ ሁለት ሰው ይሆናል።

የሰፊ ትከሻዎን ከለላ በታላቅ አክብሮት የምጠባበቅ፣ ለጤናዎ ዘወትር የምጸልይ፣ ጥርጣሬዬንም እግዚአብሔር እንዲያጠራልኝ የምለምን፣ የማኅበሩ ትሑት አባል፣

ረዳኢ

ተጨማሪ፦ ማክሰኞ ለለቅሶ ወደ ቁሓ በሚኒባስ ስሄድ፣ እንዳ ኢየሱስ ዳገት ላይ በግራ እጁ የአንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ኋላ ይዞ፣ በቀኙ መሪውን ጨብጦ፣ ፔዳሉን ሳያንቀሳቅስ ሽቅብ የሚንሳፈፍ ሰው አየሁ። ማልያውም ብስክሌቱም የእርስዎን ቁርጥ ነው። ነገር ግን የዳገት ምስጢር አተነፋፈስ ብቻ መሆኑን ያስተማሩን እርስዎ ስለ ሆኑ፣ ወንድምዎ ይሆናል ብዬ በመስኮት እጄን አነሣሁለት። እጆቹ ሁሉ ተይዘው ነበርና አጸፋውን መመለስ አልቻለም። ምንም ቅር እንዳላለኝ ይንገሩልኝ።