አሉሚኒየም አይዝግም ያለው አጎቴ

አንቺዬ፣ ነገሩ የተበላሸው አጎቴ ሲጋራ አፉ ላይ ሰክቶ «ክብሪቱን አቀብዪኝ» ያለኝ ጊዜ ነው። ከጀልባዋ ወለል ሥር ቤንዚን ይንጠባጠባል። ክብሪቱን ለዓሣዎቹ አቀበልኳቸው።

ይቺ የአጎቴ የመዝናኛ ጀልባ በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። የነዳጅ ታንከሯ አሉሚኒየም ነው፤ ዙሪያውን የፍራሽ ዓይነት ስፖንጅ ተጠቅጥቆበታል። ስፖንጁ ውሃ ይዞ ታንከሩን ከውጭ በኩል እየበላው መሆኑን እሱ ጋ ለሥራ በመጣሁ ሰሞን ነግሬው ነበር።

«አሉሚኒየም ሲዝግ የት አየሽ? እኛ የምንነዳው ጀልባ ነው፣ ደብተር አይደለም» አለኝ።

ታዲያ ቀዳዳውን በዓይኑ ሲያይ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የፊት ሳሙናዬን አምጥቶ ለጠፈበት። ከዚያ ወደቡ ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ «ደህና ነበረች እኮ፣ ይቺ ሟርተኛ ናት ያሟረተችብኝ» ይላል። እናንተ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ አባትሽ ባልዲ ይደቅናሉ እንጂ «ሊዘንብ ነው» ያለውን ሰው አይሰድቡም።

ይባስ ብሎ «ሳሙናው ይዞታል፤ ነገ ልጆቼን አንሸራሽሪያቸው» ብሎኛል። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፤ ስለዚህ የጀልባዋ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። አዲስ የፕላስቲክ ታንከር ሳይገባላት አይወጣም። ሲጮህ ዋለ፤ ድምፁ ጥሩ ነው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፣ አባትሽንም እጅ ንሺልኝ፤ አንቺ ደግሞ በጣም ናፍቀሽኛል። አደጋን ቀድሜ ስላየሁ ሟርተኛ መባልን ግን ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም፤ ከሥጋ ዘመዴም ቢሆን።