በሚኒዋ በር ኪስ የተገኙት መቆንጠጫዎች

ውድ ልጄ ጂሊያን፣

ከባልሽና ከልጆችሽ ጋር በጤና ያቆይሽ፤ በአውስትራሊያ ፀሐይም ፈጣሪ ጥላ ይሁንሽ። ባርኔጣ አድርጊ። እዚህ በርሚንግሃም ዝናቡ አላባራም፤ እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

እንዳልሽኝ የአባትሽን ሚኒ የሚገዛ ሰው ጠራሁ። ነዳጅ በራሽን በነበረ ጊዜ የተነደፈች ትንሽ መኪና ናት። አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ የመኪና በር የገጠመበት ፋብሪካ ተዘጋ፣ እሱም አረፈ፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ትነሳለች። አላፊ አግዳሚው ቆሞ «እኛም ቤት ነበረች» ይለኛል።

ገዢው አቶ ፓርጀተር የሾፌሩን በር ከፍቶ ጥልቁ የበር ኪስ ውስጥ እጁን ሰደደና የልብስ መቆንጠጫዎቼን አንድ በአንድ አወጣ። አሥራ አንድ!

«እነዚህ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አልኩት።

«በብርድ ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ ከመሪው አጠገብ ያለችው ይህቺ ነዳጅ የምትጨምር እጀታ ተስባ መቆየት አለባት፤ ተመልሳ እንዳትገባ በመቆንጠጫ ይይዟታል። አባቴም ከእናቴ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ መቆንጠጫ ይሰርቅ ነበር» ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ዓይኑን ጠረገ።

እኔ አልሳቅኩም። በሰባት ዓመትሽ «መቆንጠጫዎቼን የት አደረግሻቸው?» ብዬ በጥፊ የመታሁሽ ትዝ አለኝ። «እኔ አልነካሁም እማዬ!» እያልሽ ስታለቅሺ፣ አባትሽ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ከፍ አድርጎ ዝም አለ።

መኪናዋን አልሸጥኩም። ስትመጪ አንቺ ትነጂያታለሽ።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ እግዚአብሔር እጃቸውን ለቁጣ የማያነሱ ያድርጋቸው። አባትሽን መቃብሩ ድረስ ሄጄ ተቆጥቼዋለሁ። እኔን ግን አንቺ ይቅር በዪኝ።

እናትሽ ዶሪን