አባትሽ ያገኘው ቀንድ አውጣ

የዓይኔ ብርሃን ልጄ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ የረገጥሽው ይለምልምልሽ። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

ያሰባሰብሻቸውን ቅሪተ አካሎች አቧራቸውን እጠርጋለሁ፤ አንዱንም ከቦታው አላዛነፍኩም። «ቤቱን ድንጋይ ሞላችው» እያለ ይነጫነጭ የነበረው አባትሽ፣ ከሄድሽ ወዲህ ራሱ ድንጋይ ካባው ድረስ እየሄደ መፈለግ ጀምሯል። ባለፈው እሁድ ልብሱ አፈር በአፈር ሆኖ መጣና፣ ድንጋይ ላይ የተጠቀለለ ነገር አሳየኝ።

«ቀንድ አውጣ ነው» ስለው፣ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ! ስሙን የምትነግረኝ እሷ ናት» አለኝ።

«እሺ፣ ፎቶውን እንላክላት» አልኩት።

ድንጋዩን በጥርስ ብሩሽ አጥቦ መደርደሪያሽ ላይ አስቀመጠውና አልጋሽ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «በፎቶ አይለይም፤ መጥታ ትየው» አለኝ።

ብርድ እንዳይመታሽ ደራርበሽ ልበሺ። እረፍት ስትወጪ ብቅ በይና ስሙን ንገሪው፤ እኔም በዚያው ዓይንሽን አያለሁ። በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ