ሦስት ሱቅ የማያውቀው ቺፕ

የካቲት 3፣ ቢቸና
ጫጩት አስፈልፋይዋ ባንቺዓለም ያዘዘችኝ የደወል ቦርዶች ደረሱ። አምረዋል! የቀረው ቺፑ ብቻ... የእንቁላል ማስፈልፈያውን የሙቀት ልክ ከጓሮ እስከ ቤቷ በሽቦ የሚልከው። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሲቀዘቅዝ ቤቷ ይጮሃል። ባለፈው ወር የሚጮህላት አጥታ ሦስት መቶ እንቁላል ሞተባት።

የካቲት 4
አዲስ አበባ ደወልኩ። «አልቋል እህቴ።» መቼ ይመጣል? «እንጃ።» ሌላ ሦስት ሱቅ ሞከርኩ፤ ስሙንም አያውቁት። ናሙናውን ስገዛ ስንት እንደቀረው ለምን አልጠየቅኩም? ትንሽ ነው፣ ባትሪ አይጨርስም ብዬ ወደድኩት። ቦርዱን በሙሉ በእሱ ልክ አሠራሁ። ደደብ!

የካቲት 6
ባንቺዓለም መጣች። አምስት መቶ እንቁላል ከገበሬ ሰብስባለች፤ ከሰኞ ካለፈ ይበላሻል። «ያለ ደወል አላስገባም ዘይዳ። አሁንም ከሞተብኝ ዶሮው ይቅርብኝ።» ይደርሳል አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው...

የካቲት 7፣ ሞጣ
አጎቴ አብዱልሐኪም ሱቅ ቁጭ ብዬ ስነጫነጭ ሰሙኝ።
«ከስንት ሰው ነው የምትገዢው?»
«ከአንድ።»
ሳሙና መደርደራቸውን ተዉት። «እኔ ሦስት አምጪ የሌለውን ዕቃ፣ ክርም ቢሆን፣ ሱቄ አላስገባም። ደንበኛ ካስለመድሽ በኋላ የለም ልትዪው ነው?»
ተናደድኩ። ቺፕ ክር ነው እንዴ? ...ነው መሰለኝ።

የካቲት 8
ሦስት ሱቅ ደውዬ የማይጠፋባችሁ የቱ ነው አልኩ። ሦስቱም አንዱን ጠሩ፤ ያን ተማሪ ሳለሁ የለመድኩትን፣ ትልቁን፣ ባለ ስምንት እግሩን። የናቅኩትን! ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ብዙ ፋብሪካም ያመርተዋል፤ የአንዱ ቢጠፋ የሌላው እዚያው ይገጥማል። እዚሁ ሞጣ ሬዲዮ ጠጋኙ ምንይሉ እንኳ ከተበላሸ ማሽን የነቀላቸው ስድስት አሉት። «ውሰጃቸው፣ ቦታ ይዘውብኛል» አለኝ። ለካ እኔ አገር ምድሩን ሳስስ...

የካቲት 9፣ ቢቸና
ቦርዱ ላይ አይገባም። በሽቦ አንጠልጥዬ በየድኩት። ጣቴን ሁለቴ አቃጠልኩ። አስቀያሚ ነው። ግን ይጮሃል።

የካቲት 10
እንቁላሉ ገባ።

የካቲት 22
ባንቺዓለም ደወለች። «ጮኸ! ጮኸ እኮ!» መብራት ጠፍቶ ነው። የፈላ ውሃ በጄሪካን አስገብታ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

መጋቢት 2
አራት መቶ አስር ጫጩት! ባንቺዓለም እየሳቀች አንዱን እጄ ላይ አኖረችው።
ግንደወይን ያለችው እህቷም ደወል ትፈልጋለች። ደውላ ቀን ቁረጪልኝ አለችኝ። ከተነቀሉት ሳይሆን ከሱቅ አዲስ ቺፕ በእጄ ሳልይዝ ቀን አልቆርጥም፣ ቦርድም አልጀምር አልኳት። ተቆጣች።
ትቆጣ።