ለሁለት ተከሳሽ አንድ ጠበቃ

ረቡዕ፣ ኅዳር 8 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጅጅጋ

ዛሬ ጠዋት ማረሚያ ቤት ሄጄ ሞት የተፈረደበትንና ይግባኙን የያዝኩለትን ፋራህን አነጋገርኩት። ሀርሺን ከተማ የግመል ነጋዴ ገድላችኋል ተብሎ የተከሰሰው ከአጎቱ ልጅ ጋር ነው። ለሁለቱም የቆሙት አንድ ተከላካይ ጠበቃ ነበሩ፤ ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ታደሰ።

«ወላሂ፣ የተኮሰው የአጎቴ ልጅ ነው ብዬ ነግሬያቸው ነበር» አለኝ። «እሱም ደንበኛዬ ነው፣ ይህን ችሎት ላይ አታንሳ አሉኝ። ዝም አልኩ።»

የአጎቱ ልጅ ግን ዝም አላለም፤ ተኳሹ ፋራህ ነው አለ። ጋሽ ታደሰም የገዛ ደንበኛቸውን በመስቀለኛ ጥያቄ ሊያፋጥጡት አልቻሉም። የአጎቱ ልጅ ከሞት ፍርድ አምልጦ በእስራት ብቻ ተቀጣ።

ከሰዓት መሥሪያ ቤታችን ተመልሼ ቢሯቸው ገባሁ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይግባኙ ላይ ስምዎን አነሳለሁ።»

«ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ልታዋርጂኝ?»

«ሰውየው እንዳይሞት ነው።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ወጥቼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ።

ከዚያ ግን ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና የይግባኙን የመጀመሪያ ነጥብ ጻፍኩ፦ ጥቅማቸው ለሚጋጭ ሁለት ተከሳሾች አንድ ጠበቃ መቆማቸው። የጋሽ ታደሰንም ሙሉ ስም አስገባሁ። ነገ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቀርባለሁ። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኝ እንደሆነ አላውቅም።